የንጉሡን ሐሞት የበላን ዕለት

የፋሲካ ዋዜማ ነው። ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ አለፍ ብሎ ካለው የሐበሻ ሥጋ ቤት ሰልፍ ይዣለሁ። ጉልበቴ ሰልፍ አይወድም፤ እኔ ደግሞ ጨጓራ ሰው እንዲመርጥልኝ አልወድም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጉልበቴ ይሸነፋል። ተራዬ ሲደርስ ሥጋ ቆራጩ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጨዋ ሰው፣ ጉበቱንና ጨጓራውን ጠቀለለልኝና ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ዘንድሮ ሐሞትም አግኝተናል። ልጨምርልዎ?» አለኝ። በፌስታል የተቋጠረች አረንጓዴ ከረጢት ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ያቺን ሳይ፣ ያቺ መራራ ሽታ አፍንጫዬን ጠቅ ስታደርገኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ሳቅ ስላችሁ ፈገግታ አይደለም፤ ባንኮኒውን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ድረስ ነው። ከኋላዬ የቆመችው ልጅ እግር «ማዘር፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «ኦኬ ነኝ የኔ እናት፤ አንድ ንጉሥ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት። ሰልፉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ጃጀች ሳይሉኝ አልቀሩም። ሐሞቴን አስጠቅልዬ ወጣሁ።

ንጉሡ ቻይናዊ ነው፤ ያስተዋወቁኝ ደግሞ እትዬ ሊን ናቸው። እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ያን ጊዜ ትንሽ ላሳያችሁ። ያኔ ሬኒየር ቢች ባቡር የሚባል ነገር የለውም። ያለችን ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ናት፤ በሁለት ዘንግ የላዩን ሽቦ ይዛ የምትሄድ፣ መታጠፊያ ላይ ዘንጓ በተነቀለ ቁጥር ሾፌሩ እየተራገመ ወርዶ በገመድ ጎትቶ እስኪያያይዛት የምታስጠብቀን። ውስጧ ጉባኤ ነው፤ ቬትናሙ፣ ሶማሌው፣ ፊሊፒኖው፣ ጥቁር አሜሪካዊው፣ እኛ። ዶላሩን ሁላችንም «ብር» ነበር የምንለው፤ አሁንም እንላለን። በሁለት ብር ሙሉ ዶሮ እገዛ ነበር ስላት ሬድመንድ የምትሠራው ልጄ «ኖ ዌይ፣ ማሚ» ትለኛለች። አገር ቤት ለመደወል ካርድ ገዝተን ቁጥሩን በሳንቲም እንፍቃለን፤ «አሎ፣ ይሰማል? ይሰማል?» ተባብለን ሰላምታውን ሳንጨርስ ካርዷ ታልቃለች። ባለቤቴ ጌታሁን ትከሻው ሰፊ የሆነ የቆዳ ጃኬት ነበረው፤ ከተማ መሃል የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውልና ቤት ሲገባ ጃኬቱን ደህናው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ እሱ መሬት ይቀመጣል። ዘፈናችን በካሴት ነው። ካሴቱ ከካሴት ሲገለበጥ፣ ያም ደግሞ ሲገለበጥ፣ ዘፋኙ እኛ ጋ ሲደርስ ጉንፋን ይዞት ነበር። ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዛሬ ስልኬ ውስጥ ከተጠራቀመው ዘፈን ሁሉ እንደዚያ ጉንፋናም የሚጣፍጠኝ አላገኘሁም።

ደሴ ላይ «ሲስተር ሙሉ» ነበርኩ። ሲስተር ሙሉ ስትመጣ አልጋ ይስተካከላል፣ አስታማሚ ደጅ ይወጣል፣ መርፌ የሚፈራ ወንድ ሁሉ ወንድነቱን ያስታውሳል። ሲያትል ደርሼ ሥራ የጀመርኩት ግን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳትነት ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ አንሶላ መቀየር። ሥራው አላስከፋኝም፤ ሽማግሌ ማጠብ ምርቃት አለው። ያስከፋኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ትንፋሽ አላማረኝም። እጄ በራሷ ጊዜ ወደ ደም ሥሩ ሄደችና መቁጠር ስጀምር የፈረቃዋ ነርስ ደረሰች። ክፉ ሰው አልነበረችም። ግን ቢላ እንደያዘ ሕፃን እጄን ከሰውየው ላይ አነሳችና «ሙሉ፣ ይኼ ያንቺ ሥራ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፈቃድ የለኝማ! ፈቃዱ የሚገኘው የቦርድ ፈተና ሲታለፍ ነው። ያን ቀን ሰባት ቁጥር ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ቤቴ ድረስ አለቀስኩ።

ከዚያ አጠናሁ፣ ተፈተንኩ፣ ወደቅሁ። የሚያናድደው፣ በሽታውን አውቀዋለሁ፣ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደ ወደቅሁ ግን አላውቅም። ከደሴ በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ያመጣኋት ነጭ የነርስ ኮፍያ ነበረችኝ። እዚህ አገር ነርስ ኮፍያ ማድረግ ከተወ ቆይቷል፤ እኔ ግን አንድ ቀን አደርጋታለሁ ብዬ ነበር። መውደቄን በሰማሁ ማግስት ኮፍያዋን ይዤ በመጦሪያው ምድር ቤት ወዳለው ልብስ ማጠቢያ ወረድኩና እትዬ ሊን ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወርኳት። «ጨርቅ ያድርጓት። መስኮት ይጥረጉባት» አልኩ።

እትዬ ሊን የማጠቢያው ኃላፊ ነበሩ። ቻይና ሳሉ የሕፃናት አስተማሪ ነበሩ፤ ሲያትል ባላቸውን ተከትለው መጡና ባልየው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱባቸው። ትንሽዬ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ስማቸውን እንዲሁ ላጥ አድርጌ መጥራት አልሆነልኝም፤ «እትዬ» አልኳቸው። ምን ማለት ነው ሲሉኝ «ታላቅ እህቴ» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማጠቢያው ስልክ ሲጮህ «እትዬ ሊን ነኝ» እያሉ ማንሳት ጀመሩ፤ ላይ ቤት ያሉት ፈረንጆች የሹመት ስም መስሏቸው ነበር። የሁለታችንን እንግሊዝኛ እንግሊዝ ቢሰማው ያለቅሳል፤ እኛ ግን አንድም ቀን ሳንግባባ ቀርተን አናውቅም።

ኮፍያዋን አነሱና አገላበጧት። አልጣሏትም። ከእርጥቡ ልብስ መሃል አንድ ካልሲ መዘው ጨመቁ፣ በክር አሰሩ፣ ከላይ በሚያልፈው ቧንቧ ላይ ልክ ከአፍንጫቸው ፊት አንጠለጠሉት። «ይኼ ሐሞት ነው» አሉኝ። ሴትየዋ ዛሬ ነካቸው ብዬ በሩን አየሁ። «ዎ ሺን ቻንግ ዳን» አሉ፣ እያንዳንዷን በጣታቸው እየቆጠሩ። «ጭራሮ ላይ ተኛ፣ ሐሞት ቅመስ። ይህን የማያውቅ የቻይና ልጅ የለም። እኔ ራሴ ስንቱን አስተምሬዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ዩዌና ዉ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት መንግሥታት ነበሩ። የዩዌ ንጉሥ ጎበዝ ነኝ ብሎ ጦርነት ገጠመና ተሸነፈ። ስሙን እትዬ ሊን ደጋግመው ነግረውኛል፤ አፌ አልቀበልም አለ እንጂ። አሸናፊው የዉ ንጉሥ አልገደለውም። ከመግደል የባሰ ነገር አደረገ፤ አሽከሩ አደረገው። ንጉሥ የነበረ ሰው በረት ጠረገ፣ ፈረስ ቀለበ፣ ጌታው ሲወጣ ልጓም ይዞ ፊት ፊት ሄደ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ጌታው እንግዲህ ተገራ ብሎ ወደ አገሩ ለቀቀው። ሲመለስ አልጋው አለ፣ ቤተ መንግሥቱ አለ። እኔ አላስችል ብሎኝ «እኔ ብሆን ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋዬ አልነሳም ነበር» አልኩ። «እሱ ግን አልጋው ላይ አልወጣም» አሉ እትዬ ሊን። «ጭራሮ አንጥፎ ተኛ። ከመቀመጫው በላይ ሐሞት አንጠለጠለ። ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ ሊበላ ሲል፣ እንዲህ!» ምላሳቸውን አውጥተው ካልሲውን ሊልሱት ትንሽ ቀራቸው። «እየላሰ ራሱን ይጠይቃል፤ 'ያን ውርደት ረሳኸው?' ይላል።» ከገበሬው ጋር አረሰ፣ ሚስቱ ከሴቶቹ ጋር ሸመነች፣ አገሩ ቀስ እያለ በረታ። ሃያ ዓመት ግድም ፈጀበት። በመጨረሻ ግን ዉን ድል አደረገ።

«ጭራሮውን ኋላ የመጡ ተረት ነጋሪዎች ናቸው የጨመሩት ይባላል» አሉ፤ አስተማሪነታቸው መቼ ይለቃቸዋል! «ሐሞቱ ግን የጥንት ነው። ሰው ትንሽ ሲያልፍለት መራራውን ይረሳል፤ መራራውን የረሳ መንገድ ላይ ይቀራል። ትርጉሙ ይኼ ነው።» ከዚያ ኮፍያዬን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «አንድ ጊዜ ደግመሽ ተፈተኚ። ከወደቅሽ እኔው ራሴ ቀድጄ መስኮት እጠርግባታለሁ።» «እሺ» አልኩ። «ግን እንግዲህ ከወደቅሁ ነርስነት በቃኝ። እስክሞት ስሙን አላነሳም።» እጅ ተጨባበጥን። እኔ ደግሞ ቃሌን የማጥፍ ሴት አይደለሁም፤ ጌታሁን ይህን ያውቃልና ሲሰማ ደነገጠ።

ነገር ሲነገረኝ እንደ ወረደ ነው የምወስደው። ቤት እንደ ገባሁ ፍራሹን ከአልጋው አውርጄ ግድግዳ አስደገፍኩና መሬት ላይ አንሶላ አነጠፍኩ። ጌታሁን በር ላይ ቆሞ አየኝ። «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «የዩዌ ንጉሥ እንዲህ ነው ያደረገው» አልኩት። «ሚስት ነበረችው?» «ነበረችው።» «እሷስ የት ተኛች?» «አላውቅም፤ እትዬ ሊንን እጠይቃለሁ።» «እንግዲያው እስኪጣራ ድረስ እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ» ብሎ ፍራሹን እየጎተተ መለሰ። ብቻዬን መሬት ተኛሁ። መከራ ልቀበል ብዬ እኮ ነው! የአሜሪካ መሬት ግን ምንጣፍ ነው፤ ምንጣፉ ሥር ደግሞ ስፖንጅ አለው። ጠፍር አልጋ ላይ ቁርበት ተነጥፎልኝ ያደግሁ ሴት፣ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ በሕይወቴ ተኝቼ አላውቅም። ወገቤ ሁሉ ተፍታታ። ጠዋት ጌታሁን «ግርማዊት ሆይ፣ መከራው እንዴት አደረ?» ሲለኝ «ደህና» ማለቱ አሳፈረኝ። እንግዲህ ሐሞቱ ቀረኝ ማለት ነው።

ጾሙ አልቆ ፋሲካ ደረሰ። ያኔ እንደ ዛሬው የሐበሻ ሥጋ ቤት የለም። ወንዶቹ ተሰባስበው ከታኮማ ወዲያ ካለ የፈረንጅ እርሻ በሬ ያርዱና ቅርጫ ይካፈላሉ። ፈረንጁ ሆድ ዕቃውን ሊጥል ሲል የእኛ ሰዎች «ኖ! ኖ!» እያሉ ይንጋጉበታል፤ የመጀመሪያ ጊዜ ፖሊስ ሊጠራ ምንም አልቀረውም ነበር አሉ። ጌታሁንን «ሐሞቱን እንዳትረሳ፤ ለጥናቴ ነው» አልኩት፤ አመጣልኝ። የማጥኛ ጠረጴዛዬ ኩሽናው ውስጥ ነበር። ከበላዩ ባለው የዕቃ ሣጥን እጀታ ላይ ከረጢቷን በክር አንጠለጠልኩ፣ ከሥሯ መጻሕፍቴን ደረደርኩ። በዓሉ ይለፍና ሰኞ እጀምራለሁ፤ አንዴ ላስ፣ አንድ ገጽ። ቆሜ ሳያት ደስ አለኝ። ንጉሡ ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር።

በማግስቱ እንግዶች መጡ፤ ከሁሉም ፊት ጋሽ ደምሴ። ጋሽ ደምሴ የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ አራጁም ባራኪውም እሳቸው። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ጥልፍ ቀሚሴን ስለብስ (ወገቡ ያኔ ይበቃኝ ነበር) ከውጭ ጭብጨባ ሰማሁ። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! አሜሪካ ላይ ሐሞት አንጠልጥላ የምትጠብቅ ሴት አየሁ! አንተ ጌታሁን፣ ምን ሠርተህ አገኘሃት?» የሚለው የጋሽ ደምሴ ድምፅ ነው። ወጣሁ። ጋሽ ደምሴ ከረጢቷን ከክሯ ቆርጠው፣ ጫፏን በስተው፣ ጥሬው ጨጓራና ጉበት በተከተፈበት ትሪ ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ ነው። ሚጥሚጣው ተነስንሷል፣ ቃሪያው ተሰንጥቋል፣ ሰው ሁሉ ከቧል። ጌታሁንም! ነገሩን አንድ በአንድ የሚያውቀው ጌታሁን፣ አፉን ሞልቶ፣ ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ!

«ጋሼ!» አልኩ።

«ምነው ልጄ?»

«የሚበሉት እኮ ፈተናዬን ነው!»

ጌታሁን ከሳቁ ጋር እየታገለ ንጉሡንም፣ ጭራሮውንም፣ ሐሞቱንም አስረዳ። ጋሽ ደምሴ ጉርሻው በእጃቸው እንዳለ በጥሞና ሰሙና «እና ሰውየው ሐሞቱን እንዲያው ለብቻው ነው የሚልሰው? ያለ ጨጓራ?» ብለው ጠየቁ። «አዎ» አልኩ። «ያለ ሚጥሚጣ?» «ያለ ምንም።» «ውይ! እውነትም ተሠቃይቷል» አሉ ከልባቸው፤ ብለውም ያን ጉርሻ ወደ አፌ ዘረጉት። ልቆጣ ነበር የወጣሁት፤ እንባዬም ደርሶ ነበር። ግን እኔም ሐሞት ጠብ የተደረገበት ጨጓራ እየበላሁ ያደግሁ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ያን ሁሉ ሳምንት ጾሜያለሁ። ጎረስኩ። መራራው ከሚጥሚጣው ጋር ምላሴ ላይ ሲገጥም አባቴ፣ ግቢያችን፣ አጥንት የሚጠብቀው ውሻችን ሳይቀሩ አንድ ላይ መጡብኝ። «ይጨምሩልኝ» አልኩ። ያን ዕለት የንጉሡን ሐሞት አንዲት ጠብታ ሳናስቀር በላነው።

ሰኞ ለእትዬ ሊን ስነግራቸው አንሶላው ክምር ላይ ወደቁ። «ትበሉታላችሁ? ለበዓል?» ይላሉ። «ለበዓል።» «መሬት መተኛቱስ?» «ተመቸኝ!» ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና አስተማሪ ሆኑ። «ሶ፣ ይኼ ንጉሥ ለአንቺ አይሆንም። የእሱ መራራ ላንቺ ጣፋጭ ነው። ያንቺስ መራራ ምንድን ነው? እሱን ፈልጊና አንጠልጥዪ።»

መራራዬን ከየት ላምጣው? ለጊዜው ወደ ጥናቱ እንመለስ ብዬ የመለማመጃ መጽሐፌን ሰጠኋቸው፤ ከመሃል ገልጠው አነበቡልኝ። አንዲት ታማሚ ነገ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው፤ «ልሞት ነው ወይ?» ብላ ነርሷን ጠየቀች፤ ነርሷ ምን ትበል? ምርጫውን ሳይጨርሱ «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም!» አልኩ። ምርጫው ውስጥ አለ፤ ቁጭ ብሏል። እትዬ ሊን ወደ ኋላ ገልጠው መልሱን አዩ። «ስህተት።» «እንዴት አድርጎ ስህተት?» «መልሱ 'የሚያስፈራሽን ንገሪኝ' ነው።» ሌላ አነበቡ፤ ልጁ የታመመበት አባት ነው። «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» አልኩ። ስህተት። ሌላም አነበቡ፤ ሰውየው ክፉ በሽታ ተገኝቶበታል፣ «ውጤቴ ምንድን ነው?» ይላል። እኔ ዘመዶቹን ለብቻ እጠራለሁ አልኩ። በአገሬ ለበሽተኛ ማን ፊት ለፊት ክፉ ይናገራል? መርዶ እንኳ በወግ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ። እሱም ስህተት ሆነ። እትዬ ሊን መጽሐፉን ዝቅ አድርገው «በእኛም አገር ለቤተሰብ ነው የሚነገረው። እኔም እወድቅ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። መድኃኒቱ አልነበረም የጣለኝ። የጣለኝ አይዞህ ነው!

ደሜ ፈላ። «ሰው ፈርቶ ዓይን ዓይኔን እያየ አይዞህ ሳልል? ያለዚያማ ምኑን ነርስ ሆንኩት!» ብዬ መጽሐፉን ገፋሁት። «አገኘሽው» አሉኝ እትዬ ሊን። «ምኑን?» «መራራሽን።» ደግሞም «አይዞህ አትበይ አላሉሽም፤ መጀመሪያ ስሚ ነው ያሉሽ» አሉ። እኔ ግን ያን ዕለት አልሰማኋቸውም፤ ንዴት ጆሮ የለውም።

ከዚያ በየብሬኩ ልምምድ ሆነ። እትዬ ሊን አንሶላው ላይ ይጋደሙና «ነርስ! ነርስ! ልሞት ነው!» እያሉ ያቃስታሉ፤ ማቃሰታቸው የተዋጣለት ነው። እኔ ከፊታቸው ቆሜ ምላሴን እነክሳለሁ። «አይ...» ከማለቴ በእርጥብ ፎጣ ጭኔን ጧ! «ምን ያስፈራዎታል?» እላለሁ ጥርሴን ነክሼ። ሐሞት መራራ ነው የሚል ሰው ይህን ይሞክርልኝ። ለቅሶ ቤት ሄዶ «እግዜር ያጽናችሁ» ሳይሉ እንደ መውጣት ነው። አንድ ቀን ታዲያ «ምን ያስፈራዎታል?» ስላቸው ማቃሰታቸውን አቆሙ። ጨዋታው ቀረ። ጣሪያውን እያዩ «ባሌ ሲታመም ሁላችንም ምንም አትሆንም እንለው ነበር» አሉ። «እኔም እንደዚያው። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ምንም አትሆንም እለዋለሁ። ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።» አንሶላው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያዝኩ። አይዞዎት የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ መጥታ ቆመች፤ ያዝኳት። እሳቸው እስኪጨርሱ፣ ስለ ሰውየው እስኪያወሩኝ፣ እስኪያለቅሱ ያዝኳት። ሲጨርሱ ነው «አይዞዎት እትዬ» ያልኩት። ፎጣው እጃቸው ላይ ነበር፤ አልመቱኝም። «ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «አሁን በቦታዋ ገባች» አሉ።

የፈተናው ቀን ጌታሁን ያን የቆዳ ጃኬት አልብሶ ላከኝ፤ ለግርማ ሞገስ። ያኔ ኮምፒውተር እንደ ዛሬው ስስ አልነበረም፤ ሆዱ እንደ ጋን ነው። ጥያቄ ይሰጥሻል፣ ትመልሻለሽ፣ ይሰጥሻል። አልፈሽ እንደሆነ ወይም ወድቀሽ እንደሆነ እርግጠኛ ሲሆን መስኮቱ ድርግም ይላል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነግርሽም። አንዲት መበለት መጣችብኝ፣ «ምን ያስፈራሻል?» አልኳት። አንድ አባት መጣ፣ ዝም ብዬ ሰማሁት። ገና ተሟሟቅሁ ስል መስኮቱ ጠፋ። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ይጽፋሉ፣ የእኔ ብቻ ጨለመ። ሐሞቴ ፈሰሰ። ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆምኩና በልቤ ኮፍያዬን ተሰናበትኳት።

ውጤቱን መጠበቅ አቃተኝ። አንድ ቀን በብሬክ ሰዓት እትዬ ሊን የማጠቢያውን ስልክ አንስተው እጄ ላይ አደረጉ፤ «ኮል አድርጊ!» ኦሎምፒያ ያለውን ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ኮል አደረግሁ። ሴትየዋ ስሜን ፊደል በፊደል አስቆጠረችኝ፣ ሙዚቃ ከፍታብኝ ሄደች። እትዬ ሊን ማጠቢያዎቹን ሁሉ አጠፉ፤ ምድር ቤቱ ያን ያህል ጸጥ ብሎ አያውቅም። ተመለሰች። «ማም፣ ፈቃድሽ እኮ ወጥቷል፤ ነርስ ነሽ» አለችኝ። ስልኩን ለቀቅሁትና እልልልልል አልኩ! በሳንባዬ ሙሉ፣ እንደ ደሴ ሰርግ ቤት! እትዬ ሊን ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ እልልታውን ሞከሩት፤ ላይ ቤት የጥሪ ደወል ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። የፈረቃዋ ነርስ ሰው ሞተ ብላ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ስትደርስ እትዬ ሊን መሳቢያውን ከፍተው፣ ስታርች የጠጣች፣ የተተኮሰች፣ ወረቀት የመሰለች ነጭ ኮፍያ ራሴ ላይ እያደረጉልኝ ነበር። ነርሷ አየችኝ፣ አየችኝና አቀፈችኝ። «ሙሉ» አለችኝ «የዚያ ሽማግሌ ትንፋሽ ዛሬ ደግሞ አላማረኝም። መጥተሽ ታዪልኛለሽ?»

ኮፍያዬን እንዳደረግሁ ወጣሁ። እጄን ደም ሥሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ማንም አላነሳትም። ሽማግሌው ኮፍያዬን አይቶ «ልሞት ነው እንዴ? የድሮ ነርስ መጣችብኝ» አለ። ሳቅሁና ወንበር ስቤ «ምን ያስፈራሃል?» አልኩት። ብዙ አወራ። ሲጨርስ በአማርኛ «አይዞህ» አልኩት፤ ቋንቋው አልገባውም፣ ነገሩ ግን ገባው። ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ ለማንም በቅጡ ነግሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ትልቅ ሆስፒታል ገባሁ፣ ጡረታ እስክወጣ በነጭ ጫማ ቆምኩ። ከታኮማ እስከ ሬድመንድ ስንት የሐበሻ ልጅ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስጠንቼ አሳልፌያለሁ፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚወድቁት እዚያው አይዞህ ላይ ነው። በእርጥብ ፎጣ እመታቸዋለሁ።

እንግዲህ የዘንድሮውን ሐሞት ገዝቼ ወዴት እንደሄድኩ ታውቃላችሁ። እትዬ ሊን ዛሬ ቢከን ሂል ላይ የሽማግሌዎች አፓርትመንት ውስጥ ናቸው፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ ወገባቸው ግን አሁንም ቀጥ ያለ ነው። በፋሲካው ቀን ጨጓራውንና ጉበቱን ከትፌ፣ ሚጥሚጣ ነስንሼ፣ ሐሞቱን ጠብ ጠብ አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩ። «ይኼ ነው?» አሉኝ ሽታውን ሲሰሙ። «ይኼ ነው።» ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር አንድም ቀን ቀምሰውት አያውቁም! መጀመሪያ ሐሞቱን ብቻውን በጣታቸው ጫፍ ነክተው ላሱ። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ትሪውን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። ቀስ ብለው አኘኩ።

«ሙሉ» አሉኝ በመጨረሻ። «ያ ንጉሥ ይህን ነገር እየላሰ ሲኖር አይዞህ የሚለው ሰው ነበረው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ተረቱ የእርስዎ አይደል?»

«ተረቱ ውስጥ የለም» አሉ አሰብ አድርገው። «ለዚያ ነዋ ሃያ ዓመት የፈጀበት!» ብለውም ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።